በረዶ የለቀምንበት ከሰዓት በኋላ

እኛ ቆላ የተወለድን ሰዎች በረዶን የምናውቀው ከሱቅ ነው። መተማ የወጣ ሰው ከነጋዴዎቹ ፍሪጅ በፌስታል የረጋ ውሃ ይገዛል፣ በፎጣ ይጠቀልለዋል፣ ከተማችን ሽንፋ እስኪደርስ የሚተርፈው እርጥብ ፎጣ ብቻ ነው። ከሰማይ የሚወርድ በረዶ ለእኛ የደገኞች ወሬ ነበር። እናቴ ደጋ ስላደገች፣ በግ የገደለ በረዶ፣ ገብስ ያጨደ በረዶ እያለች ስትነግረን ታናሽ ወንድሜ በሳቅ ፍርስ ይላል። "እምዬ ደግሞ፣ በቃ ድንጋይ ዘነበ በይና ገላግይን!" ይላታል። እሷም አብራው ትስቃለች።

ይህን የምጽፈው ያን ወንድሜን መብረቅ ስለገደለው ነው። አገሩም የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ "መብረቅ ወሰደው" ይላሉ፣ ከንፈር ይመጣሉ፣ ያልፋሉ። የቀረውን እኔ አልተናገርኩም። እኔ ደግሞ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ አፌ ከእግሬ ቀድሞ ነው የሚደርሰው እያሉ ያሙኛል፣ እውነታቸውን ነው። በዚህ አንድ ነገር ግን አፌ ተሎግሞ ዓመታት አለፉ።

አባታችን ሲያርፍ እርሻውን የያዝነው እኔና ወንድሜ ነን። እሱ ትራክተሩን፣ ዘሩንና መሬቱን፤ እኔ ደግሞ ሠራተኛውን፣ ቀለቡን፣ ጭቅጭቁን። እሱ ሲስቅ ይውላል፣ እኔ ስጮህ እውላለሁ። ሠራተኛው ከእኔ ሸሽቶ እሱ ጋ ይሄዳል፣ እሱ አሳስቆ መልሶ ይልክልኛል። ከእኔ በሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚያንሰው፤ ሲጠራኝ ግን "እታለም" ነበር የሚለኝ፣ በተለይ ሲያናድደኝ።

ያን ዓመት ሰሊጡ አምሮብን ነበር። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ በሂላ በሂላ ቆሟል። ሂላ የምንለው እስሩን አፉን ወደ ላይ አድርገን፣ አደጋግፈን የምናቆመው ክምር ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ፍሬውን የያዘው ቆባ አፉን ይከፍታል። ከተከፈተ በኋላ ሰሊጥ እንደ አራስ ቤት ነው፣ ድምፅ አይወድም፣ ንክኪ አይወድም። ሸራ ተነጥፎ እስኪራገፍ ድረስ በአጠገቡ የምናልፈው ልብሳችንን ሰብስበን ነው። ዝናብ ከወጣ ቆይቷል፣ ኅዳር ገብቷል፣ ሰማዩ ከጥግ እስከ ጥግ ነጭ ነው። የቀረን ሳምንት ብቻ ነበር።

ያን ዕለት እኔን ወባ ጥሎኛል። ራኩባው ሥር፣ ያው የሣር ክዳን ዳሳችን ማለት ነው፣ አንገረብ አልጋ ላይ ተዘርግቼ እነድዳለሁ። የዋጥኩት መድኃኒት ገና አልያዘልኝም። ውጭው ሙቀት፣ ውስጤ ሙቀት፣ የምጠጣው ውሃ እንኳ ከበርሜሉ ሞቆ ነው የሚቀዳው። ወንድሜ በየደቂቃው እየመጣ ግንባሬን ይነካና "እታለም፣ አንቺ ላይ ሰሊጥ መቁላት ይቻላል" ይለኛል። እኔም አቅም ሳይኖረኝ እሰድበዋለሁ።

ከሠራተኞቹ አንዱ ከወሎ የመጣ ሰው ነበር። አራተኛ ዓመቱ ነው ከእኛ ጋር፤ ዝምተኛ፣ ሦስት ልጆች ያሉት፣ የሌሎቹ አለቃ። ከሰዓት በኋላ በሽንፋ ወንዝ በኩል ደመና ሲጠቁር መጀመሪያ ያየው እሱ ነው። "ወላሂ ይሄ ደመና አላማረኝም" አለ። "እኛ አገር እንዲህ ሲሆን ሰው ከሜዳ ይገባል።" ወንድሜ ግን የታየው ሰሊጡ ነው። ሸራ ይዘው ሮጡ፣ ሁሉም ሮጡ፣ ሁለት ሂላ እንኳ ሳይሸፍኑ ንፋሱ ሸራውን ከእጃቸው ነጥቆ ወሰደው።

ከዚያ ሰማዩ ተሰነጠቀ። መብረቁና ነጎድጓዱ እኩል ነው የመጡት። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ጠጠር የመሰለ ነገር ወረደ፤ በርሜሉ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ሌላ ነው። ሁሉም ራኩባው ውስጥ ተጠጋግተው ገቡ። በሣሩ ክዳን በኩል ነጭ ነጩ እየሾለከ አንገረቤ ላይ ሲወድቅ ገና ወባው የሚያሳየኝ ነገር መስሎኝ ነበር። የደከምንበት ሰሊጥ ዓይናችን እያየ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሂላው ይወድቃል፣ ቆባው ይራገፋል፣ ጎርፉ ፍሬውን ይዞ ወደ ቦዩ ይሄዳል። ወንድሜ የራኩባውን ምሰሶ ይዞ ቆሞ "በቃ፣ በቃ፣ በቃ" ይል ነበር፤ ለማን እንደሚል እንጃ።

ሩብ ሰዓትም አልቆየ። ጠጠሩ ቆመ፣ ዝናቡ ቆመ፣ በሱዳን በኩል ፀሐይ ብቅ አለች። ነጎድጓዱ ራቅ ብሎ ወደ ደጋው በኩል ያጉረመርማል። ምድሩ ነጭ ሆኗል። በሕይወታችን አይተነው የማናውቀው ነገር! ሁሉም አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ አንዱ ሳቀ። ሳቁ ተጋባ። ያ ሁሉ ሰው፣ ለወራት በሙቀት የተቀቀለ ሰው፣ ጣሳውን፣ ሳህኑን፣ ባርኔጣውን ይዞ ወጣና በረዶ ይለቅም ጀመር። አፋቸው ይከቱታል፣ አንገታቸው ውስጥ ይከቱታል፣ ይጮኻሉ። ወንድሜም ሰሊጡ ሁሉ እንዳልነበር ሆኖ፣ ሳቀ። "እምዬ ትምጣና ትሳቅብኝ!" አለ።

አንድ ጣሳ ሙሉ ለቅሞ አመጣልኝ። በነጠላዬ ጠቅልሎ ግንባሬ ላይ አደረገልኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ እፎይታ አላገኘሁም። ዓይኔ ተገለጠ፣ ጥርሴ ተንቀጠቀጠ፣ ሳቅሁ እንኳ መሰለኝ። እሱ ደግሞ ቁጢጥ ብሎ አጠገቤ ተቀምጦ ያየኛል። በረዶው ግን ወዲያው ቀለጠ፤ ውሃው በጆሮዬ ወረደ።

"ድገመኝ" አልኩት።

የወሎው ሰው ብቻ ነው ያልወጣው። ራኩባው አፍ ላይ እንደቆመ "ትንሽ ቆይ እንጂ፣ ገና እያጉረመረመ እኮ ነው" አለ። ወንድሜ አየኝ። እኔ ደግሞ ያው እኔ ነኝ፤ ሰው ሲከለክለኝ አልወድም። "አንተ ደግሞ፣ ዶሮ ሲጮህም ትደነግጣለህ! ተወው ያምጣልኝ!" ብዬ ሰውየው ላይ ጮህኩበት። ወንድሜ ሳቀ፣ ጣሳውን አነሳና ወጣ። ቅርብ ያለውን ረጋግጠውታልና ንጹሑን ፈልጎ እስከ ሂላው ድረስ ሄደ። ሲያጎነብስ አየሁት።

ፀሐይ ወጥታ ነበር እያልኩ ለሰው ስናገር አያምነኝም። ወጥታ ነበር። ከአናታችን ላይ ደመና እንኳ አልነበረም፣ ደመናው አልፎን ሄዷል። ብርሃኑና ድምፁ አንድ ላይ ሆነ፣ ራኩባው ተንቀጠቀጠ፣ አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም መጣ። ሁሉም ባለበት ወደቀ፣ ከዚያ ሁሉም ተነሣ። እሱ አልተነሣም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ለዓመታት ለእናቴ ያልነገርኳት።

ከአንገረቡ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ስደርስ የወሎው ሰው ቀድሞኝ ደርሶ ሊንበረከክ ነው። እኛ አገር ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ከማን እንደተማርኩት አላስታውስም፣ ከወተት ጋር የጠጣሁት ይመስለኛል፤ መብረቅ የመታው ሰው አይነካም፣ እሳቱ ገላው ውስጥ ይቆያል፣ የነካውን ይዞ ይሄዳል፣ ቄስ መጥቶ ጸበል እስኪረጨው ይጠበቃል። ሰውየውን ከኋላው ሸሚዙን ይዤ ጎተትኩት። ሸሚዙ ተቀደደ። "አትንኩት! ማንም እንዳይነካው!" እያልኩ ጮህኩ። "ልጆች አሉህ፣ ታልቃለህ!" አልኩት። እሱ ግን "እትዬ፣ አፉ እኮ ይንቀሳቀሳል፣ እይው፣ ይተነፍሳል" አለኝ። አየሁ። ተንቀሳቅሷል። እኔ ግን እሳቱ ነው የመሰለኝ። በወንድሜና በሰዎቹ መሃል ቆምኩ፣ እንጨት አነሣሁ፣ ሊጠጋ የሞከረውን ሁሉ አባረርኩ። ወባ የያዘው ሰው ያን ያህል ጉልበት ከየት ያመጣል?

ቄስ የሚጠራ ሰው ላክን። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው። እኛ ክብ ሠርተን ቆምን። በረዶው በዙሪያው ቀለጠ፣ ልብሱ ላይ ያለውም ቀለጠ፣ ፀሐይዋ ተመልሳ አቃጠለችን። አፉ መንቀሳቀሱን ያቆመው መቼ እንደሆነ አላስተዋልኩም። ስልክ ለመደወል ወደ ከፍታው የሮጠ ነበር፤ ኔትወርክ አልነበረም። ወንድሜን ከአምስት እርምጃ ላይ ቆሜ ሳየው ቆየሁ፣ እጁን እንኳ አልያዝኩትም።

ቄሱ ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ እያለከለኩ ደረሱ። ጸበሉን ገና ሳይከፍቱ ተንበርክከው እጃቸውን ግንባሩ ላይ፣ ቀጥሎ ደረቱ ላይ አደረጉ። ምንም አልሆኑም። ቀና ብለው "ሲወድቅ ጀምሮ እንዲሁ ነው ያለው? ማንም አላነሣውም?" አሉ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። አንድም ዓይን ወደ እኔ አልመጣም። "አልደፈርንም፣ አባ" አላቸው የወሎው ሰው፣ በተቀደደው ሸሚዙ። አልደፈርንም አለ። ቄሱ ሌላ አልጠየቁም፤ ዓይኑን ከደኑለት።

ሽንፋ ይዘነው ስንገባ እናቴ በር ላይ ነበረች፤ ወሬው ቀድሞን ነበር። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ተሰቃየ?" አለችኝ። "ኧረ ምኑን! ወዲያው ነው፣ ትንፋሽም አልነበረው" አልኳት። "ተመስገን" አለች።

በዓመቱ ክረምት ቀበሌ ተሰብሰቡ ተባልን፣ ስለ አጎበር ነው ብለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ወባው ተናግራ ስትጨርስ መብረቅም ስለበዛ ብላ ቀጠለች። "መብረቅ የመታው ሰው ገላ ላይ የሚቀር እሳት የለም" አለች። "ወዲያው ንኩት። አትፍሩ። ልቡ ቆሞ፣ ትንፋሹም ቆሞ ሊሆን ይችላል። በጀርባው አስተኙት፣ ደረቱን መሃሉ ላይ በሁለት እጅ ጠንከር ፈጠን አድርጋችሁ ግፉ፣ የሚችል ትንፋሽ ይስጠው፣ ሰው እስኪደርስላችሁ አታቁሙ። ሁሉም ይተርፋል አልልም። የሚተርፍ ግን አለ።"

ተነሥቼ "እስከ ዛሬ የት ነበርሽ!" ብዬ ጮህኩባት። ልጅቱ ደነገጠች። "አሁን ነው የምትነግሪን? አሁን? ሰው ከተቀበረ በኋላ?" ሌላም ሌላም አልኩ፣ አላስታውሰውም። ጎረቤቶቼ "ወንድሟ ነው፣ ወንድሟ" እያሉ በሹክሹክታ ነገሯት። ስብሰባውን ጥዬ ወጣሁ። በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ደግ ልጅ ነች፣ አስቀመጠችኝ፣ "ከተመታ በኋላ ስንት ደቂቃ ቆየ ሰው እስኪነካው?" አለችኝ። "አላስታውስም" አልኩ። ደቂቃ! ሰዓት እንደነበር እንዴት ልንገራት?

ከዚያ ጀምሮ ያላጣራሁት የለም፤ ልጅቱን አሳድዳታለሁ፣ እጠይቃታለሁ፣ ሸሕዲ ከተማ ስወጣ አንድ የማውቀው መምህር ጋ ሄጄ እጠይቃለሁ፣ የቀረውን ስልኬ ላይ አያለሁ። ደመናው ውስጥ ውሃና በረዶ ወደ ላይ ወደ ታች ሲላተም ነው አሉኝ መብረቁ የሚጠመቀው፤ ስለዚህ በረዶ የጣለ ደመና ባዶ እጁን አይመጣም። ከአናት ካለፈ በኋላም ከሩቅ፣ ፀሐይ ባለበት ሜዳ ላይ ይጥላል። ነጎድጓዱ የሚሰማህ ከሆነ ሊደርስብህ ይችላል ማለት ነው። ለሠራተኞቼ በየዓመቱ ገና ማጭድ ሳይዙ ይህን እነግራቸዋለሁ፤ ሲሰለቻቸው እጮህባቸዋለሁ። ሰሊጡን ተዉት እላለሁ። ሂላ አጠገብ፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር፣ ትራክተሩ ላይ እንዳላያችሁ። የሣር ዳስ ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያድንም። መኪና ካለ ገብታችሁ በሩንም መስኮቱንም ዝጉ፤ ከሌለም ተራርቃችሁ ዝቅ በሉ፣ አንዱ ቢመታ ሌላው እንዲያነሣው። የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማንም አይወጣም፣ በረዶ አይደለም ወርቅ ቢዘንብ አይወጣም! ይስቃሉ። ይሳቁ። ደረት እንዴት እንደሚገፋ በእህል ጆንያ ላይ አሳያቸዋለሁ። የወሎውን ሰው ግን ከለቅሶው ወዲህ አላየሁትም፣ ወደ እኛ እርሻ አልተመለሰም።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከሰዓት እቤት ተቀምጬ ስልኬን አያለሁ። እናቴ ከፊት ለፊቴ ሆና ለመኸሩ የሚሆን ጆንያ በመርፌ ትጠቅማለች። የሩቅ አገር ቪዲዮ ነው፤ ብርድ አገር። የእነሱ በረዶ እንደ እኛው ጠጠር አይደለም፣ እንደ ባዘቶ ልስልስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ቤቱንም ዛፉንም አልብሶታል። በዚያ መሃል መብረቅ ይበርቃል። መምህሩ ነግሮኝ ነበር፤ እንዲህ ያለው እነሱም አገር ብርቅ ነው፣ በረዶው ድምፁን ስለሚያፍነው ነጎድጓዱ የሚሰማው ቅርብ ሲሆን ብቻ ነው። አንድ ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሰው ሜዳው መሃል ቆሞ፣ በበራ ቁጥር እጁን ዘርግቶ ይዘልላል፣ ይስቃል። ደስ ብሎታል፣ አይቶት አያውቅም። ጎንበስ ብሎ በረዶውን በእጁ ዘገነ።

"ግባ! አንተ ሰውዬ፣ ግባ ቤትህ!" ብዬ ጮህኩ።

እናቴ መርፌዋን አቁማ "ማን ላይ ነው የምትጮኺው?" አለችኝ።

ልመልስላት ስል አፌ ያመጣው ሌላ ነገር ነው። "እምዬ፣ አትንኩት ያልኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "ወዲያው አልሞተም። አፉ ይንቀሳቀስ ነበር። ያ የወሎው ሰው ሊያነሣው ሲል ጎትቼ የጣልኩት እኔ ነኝ። እንጨት ይዤ የከለከልኩት እኔ ነኝ። በረዶ አምጣልኝ ብዬ የላክሁትም እኔው ነኝ።" ሁሉንም አንድ ላይ አወጣሁት። ከዚያ ቀና ብዬ ላያት ፈራሁ።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። በሠልስቱ ሰውየው መጥቶ እግሬ ላይ ወድቆ ነገረኝ። ‹ታግዬ መግባት ነበረብኝ እማማ፣ ይማሩኝ› እያለ ሲያለቅስ፣ ተነሥ ብዬ አነሣሁት። ለሷ እንዳትነግራት፣ ደግመህም እንዳትመጣባት ብዬ አስምዬ ሸኘሁት።"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ተናደድኩም፤ አዎ፣ እናቴ ላይ። "ይህን ሁሉ ዓመት ታውቂያለሽ? ተሰቃየ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ፣ ዋሽቼሽ፣ እያወቅሽ ዝም?"

"ምን ላድርግ ልጄ?" አለች። "አንዱን ቀብሬ ገባሁ። የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺንም በቁምሽ ልቅበርሽ?"

ጆንያውን ከጉልበቷ ላይ አውርዳ፣ ተነሥታ መጣችና ያዘችኝ። እኔ ሳለቅስ፣ እሷም ስታለቅስ፣ እስኪመሽ ድረስ አልለቀቀችኝም።